ኤቫሪስቶ የተናገረ ዕለት

ኔሬይዳ ኤቫሪስቶን የወደደችው ሲስቅባት ነው። አንድ ካርቶን ሙሉ ኮንዶም ታቅፋ ዳቦ ቤቱ ገባችና፣ «ይሄን ባንኮኒው ላይ አስቀምጥልኝ፤ ለሰው በነጻ ነው» አለችው። እሱም እጁ በዱቄት እንደነጣ ቆሞ ካርቶኑን አየ፤ እሷን አየ።

«ከዳቦው ጋር ነው ወይስ ለብቻው?»

«እንደፈለግክ።»

«እመቤቴ፣ የሰፈሩ እናቶች ይሄን ባንኮኒ ላይ ቢያዩ እኮ እዚሁ ክው ብለው ይቀራሉ! እኔ ይሄን ሁሉ እናት የት አባቴ ላስቀምጠው?»

እሷ አልሳቀችም። ልትስቅ ግን ምንም አልቀራትም ነበር፤ ለዚያ ነው ፊቷን አዙራ የወጣችው። ካርቶኑን ግን ትታለት ወጣች። ኤቫሪስቶም ባንኮኒ ስር ደበቀና ጎረምሶቹ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ ከከረጢቱ ግርጌ ሸጎጥ ያደርግላቸው ጀመር።

እንግዲህ እኛ ከተማ ሳን ቴልሞ የኖረ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ሰው ስለ ስኳሩ፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ አማቱ ሲያወራ ይውላል፤ ስለ ኤች አይ ቪ ግን ትንፍሽ አይልም። የኔሬይዳ ሥራ ያንን ዝምታ መስበር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንጆሪ ለቃሚዎቹ ዘንድ፣ አትክልት ማሸጊያው በር ላይ ትዞራለች፤ ታባብላለች፣ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአውራጃው ዋና ከተማ ነርስ ትመጣና ከጎማ ቤቱ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ትመረምራለች፤ ያለበት መድኃኒቱን፣ የሌለበት መከላከያ ኪኒኑን ያገኛል። ለጠቅላላው ከተማ ያለችው ያቺው ክፍል ብቻ ናት።

ከካርቶኑ ቀን በኋላ ኔሬይዳ ዳቦ መግዛት አበዛች። ትሪና መቆንጠጫ ይዛ መደርደሪያው ፊት ስትቆም አንዱን ታነሳለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላ ታነሳለች። እሱ ከወዲያ ያያታል። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ዳቦውን ማየት ይጀምራሉ።

«አንቺ ልጅ» አለቻት ሰፈሩ በአክብሮት ዶኛ ኤውላሊያ የሚላት እናቷ አንድ ቀን፣ ሦስተኛውን ከረጢት አይታ፣ «ሰው ጠርተናል እንዴ?»

«ርቦኝ ነው፣ እማዬ።»

«እሱስ እንደራበሽ ያስታውቃል። እስቲ ያንን ልጅ እሑድ ምሳ ጥሪው፤ ቢያንስ ዳቦውን በነጻ እንበላለን!»

እሑድ መጣ። ዶኛ ኤውላሊያ ሦስት ጊዜ ሾርባ ጨመረችለት። ሲሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ «አማቼ» ብላ ሸኘችው። ኔሬይዳ በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያበላሸው ቀልድ ነው። አንድ ማክሰኞ ኔሬይዳ ዳቦ ቤቱን አልፋ ስትሄድ፣ «ሰውን ሁሉ ትልካለህ፤ አንተ ግን ተመርምረህ አታውቅም። ፈሪ!» አለችው። «እኔ ነኝ ፈሪ?» ብሎ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ተከተላት። ሌሎች ያዩትና ይደፍራሉ በሚል ነው፤ በዚያ ቀን እየሳቀ ነበር የገባው።

ኔሬይዳ ውጭ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ሲወጣ ልታሾፍበት ቃሏን አዘጋጅታ ነበር። ወጣ። ፊቱን ስታይ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

«ኔሬ» አላት። «አለብኝ።»

ለስንቱ ያለችውን፣ ስንቱን ያጽናናችበትን ንግግር አጣችው። እሱም ሽርጡን ፈትቶ፣ አጣጥፎ፣ በብብቱ ይዞ ሄደ። ከየትና መቼ እንደያዘው ራሱም አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሸሻት። ስትገባ እሱ ወደ ምድጃው ይሄዳል፤ ባንኮኒው ላይ ሰው ይተካል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር ገብታ ያዘችው።

«መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው?»

«እየወሰድኩ ነው።»

«ታዲያ ምን ትሸሸኛለህ? በሥርዓት ከወሰድከው፣ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ ለማንም አታስተላልፍም። ይሄን ለስንት ሰው እንደነገርኩ ታውቃለህ?»

«ለሰው ስትነግሪ ነው የሚያምረው።»

«እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ሊጡን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። «አንቺማ» አለ በመጨረሻ፣ «አንቺማ እንደ ሰው አይደለሽም። አንቺን ከነካሁ በኋላ አንድ ነገር ብትሆኚ ራሴን አጠፋለሁ።»

«እኔ ደግሞ ሳትነካኝ ብትቀር አንተን አጠፋሃለሁ።»

ያን ጊዜ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰ። ወራት አለፉ። ነርሷ፣ «ቫይረሱ አይታይም» ያለችው ቀን ምድጃው ጀርባ ተሳሳሙ፤ አንድ ትሪ ሙሉ ዳቦ አረረ። ማንም አላወቀባቸውም። ዶኛ ኤውላሊያም «አማቼ» ማለቷን አልተወችም።

ደስታቸው ግን አልበረከተም። አንድ ማክሰኞ ነርሷ መጥታ፣ «ኔሬይዳ፣ ሊዘጉን ነው» አለቻት። የአውራጃው ምክር ቤት የኤች አይ ቪ መከላከያውን በጀት ሲያከፋፍል ሳን ቴልሞን ሰርዟታል። ምክንያቱ ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ በሳን ቴልሞ አንድም ታማሚ የለም የሚል ነው።

እንዴት አይኖርም? ነገሩ እንዲህ ነው። ሳን ቴልሞ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚኖረው በመኪና ተጎትተው መጥተው የተደረደሩት ቤቶች ሰፈር ነው፤ የሰፈሩ ሁሉ ደብዳቤ የሚገባው ደግሞ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ማን ከየት ምን እንደተላከለት ጎረቤት ሁሉ ያነባል። ስለዚህ የተመረመረው በሙሉ ዋናው ከተማ ያለ ዘመዱን አድራሻ ይሰጣል፤ የአጎቱን ልጅ፣ የክርስትና ልጁን እናት። እንዲያ አድርጉ ብላ የመከረቻቸው ኔሬይዳ ራሷ ነበረች። ገንዘቡ ደግሞ አድራሻ ተከትሎ ነው የሚሄደው። በአውራጃው አዲስ ከሚያዘው ሰው አብዛኛው የእኛው ሰው ሆኖ ሳለ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ኔሬይዳ እንደ እብድ ሆነች። የሚታከሙትን አንድ በአንድ እየሄደች ለመነቻቸው። ምክር ቤቱ ዋናው ከተማ ለሕዝብ ክፍት ስብሰባ አለው፤ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ ሳን ቴልሞ ነው የምኖረው ቢል ይበቃል። አንዷ በሩን ሳትከፍት በመስኮት «አታውቂኝም፣ አላውቅሽም» አለቻት። አንዱ ተንበርክኮ፣ «በልጆቼ፣ ኔሬይዳ፣ በልጆቼ ተዪኝ» አላት። ማንንም መውቀስ አልቻለችም።

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?» አላት ኤቫሪስቶ።

«አንተን አልጠይቅም።»

«ለምን?»

«ዳቦ ነው የምትሸጠው! የዚህን ሰፈር ሰው አታውቀውም? ዳግመኛ ከእጅህ የሚበላ ይመስልሃል? አፍህን ዝጋ ብያለሁ። ማልልኝ።»

አልማለም። ግንባሯን ሳማትና ወደ ሊጡ ተመለሰ።

የስብሰባው ቀን ዶኛ ኤውላሊያ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ተቀመጠች፤ ልጇ በአደባባይ ስትናገር ልታይ። ከሳን ቴልሞ ሌላም ብዙ ሰው መጥቶ ነበር፤ ከበጀቱ በፊት የመንገዱ ጉዳይ ስለሚነሳ። ኔሬይዳ ተናገረች። ድምፅዋ ተቆራረጠ፣ ግን ተናገረች። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ በትሕትና መለሰላት።

«ወይዘሪት፣ ልፋትዎን እናደንቃለን። ግን ከሳን ቴልሞ አንድም ታማሚ አልተመዘገበም። ለሌለ በሽታ በጀት መመደብ ደግሞ በሌሎች ላይ ግፍ ይሆናል።»

«አሉ! ታማሚዎች አሉ!»

«የት ናቸው?»

ኔሬይዳ ወደ ኋላ ዞር ስትል ኤቫሪስቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ዓይኖቿ ተማጸኑት። ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም፣ አይሆንም፣ እባክህ። እሱ ግን በወንበሮቹ መሃል አልፎ መጣና ማይኩ ፊት ቆመ። ወደ እሷ አላየም፤ ቢያያት ኖሮ አይችልም ነበር።

«ኤቫሪስቶ ኪንታና እባላለሁ» አለ በሰፈሩ ቋንቋ፣ በስፓኒሽ፤ የምክር ቤቱ ሰዎች ስፓኒሽ አይሰሙም። የምክር ቤቱ አስተርጓሚ ሴት ተቀበለችው። «የሳን ቴልሞን ዳቦ የምጋግረው እኔ ነኝ። ቫይረሱ አለብኝ።»

አስተርጓሚዋ መተርጎሟን አቋረጠች። የሰፈሩ ሰው ግን ትርጉም አላስፈለገውም።

«ይተርጉሙት፣ እመቤቴ፤ አይፍሩ» አላት። ተረጎመች። «የአጎቴን ልጅ አድራሻ የሰጠሁት እዚህ ከተማ ስለምኖር አይደለም። ጎረቤቴ እንዳያውቅብኝ ፈርቼ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነን። ይኸው አሁን ዘመዶቻችን ሁሉ በሽተኛ ተብለው እኛ ጤነኛ ሆነን ቁጭ! እኔ ዛሬ በሕይወት የቆምኩት በዚያች ክፍል ነው። ብትዘጓት ሰዉ ሳያውቅ ይታመማል፣ ሳያውቅ ይሞታል። የት ናቸው ብላችኋል። እነሆ።»

የሳቀም ያጨበጨበም አልነበረም። ምክር ቤቱ ጥቂት ተንሾካሾከና ክፍሏ እንድትቀጥል ወሰነ። ኔሬይዳ ያንን ውሳኔ ስንት ሌሊት ስትጸልይለት ነበር፤ ሲነበብ ግን አንዲት ቃል አልሰማችም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዶኛ ኤውላሊያ መኪናው ውስጥ መንገድ መንገዱን እያየች ጠየቀቻት።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስመሽዋል?»

«እማዬ!»

«ስመሽዋል ወይ ነው የምልሽ!»

«አዎ፣ ስሜዋለሁ። ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንም።»

እናቷ አፏን በመሐረብ ያዘች። «ጥሩ ልጅ መሆኑን አጥቼው አይደለም» አለች እያለቀሰች። «ትክክል ነሽም ይሆናል። ግን እፈራለሁ። ፍርሃቴን የት ልጣለው፣ ልጄ?»

በማግስቱ ዳቦው እንደ ወትሮው ሞቅ ብሎ መደርደሪያው ላይ ተደረደረ። ማንም አልመጣም። ትሪዎቹ እንደተደራረቡ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ የጸሎት ሴቶች አለቃ የሆነችው ዶኛ ኦፌሊያ መጣች፤ ግን ደጃፉን አላለፈችም። ከትናንት በስቲያ የገዛችውን ከረጢት ሙሉ ዳቦ ይዛ መጥታ፣ እሱ እያያት፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጠችው። እጇን አራግፋ ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን የሚረግጥ ጠፋ። ኔሬይዳ ብቻ በየቀኑ ትገዛለች፤ እሱና እሷ ተቀምጠው ደረቁን ዳቦ ይበላሉ። የተረፈውን ዳቦ ዶሮ ለሚያረቡ ሰዎች ወስዶ ቢሰጥ፣ «ለዶሮም አንፈልግም» ብለው መለሱት። ያን ዕለት ማታ ምድጃውን አጠፋ።

«ሰሜን አገር የሚያውቀኝ የሌለበት ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ» አላት።

«አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ ገደል ይግባ!»

«ኔሬ…»

«ገደል ይግባ አልኩህ! ለማን ብዬ ነው? ለእነዚህ? ለዶሮ እንኳ አንፈልግም ላሉህ?»

ፊቷን በሁለት እጁ ያዘው። እጁ የዱቄት ሽታ አልነበረውም፤ ያ ነው ልቧን የሰበረው። «ስሚኝ። እኔ ያለኝን ሁሉ የሰጠሁት ለዚያች ክፍል ነው። አንቺ ከሄድሽ ነርሷን ማን ያምናታል? በሩ ክፍት ሆኖ ሰው አይገባም። በሚመጣው ዓመት ማንም አልመጣም ብለው ይዘጓታል። ያኔ እኔ የተዋረድኩት ለምንድን ነው?»

እውነቱን ነበር። እውነቱን በመሆኑ ጠላችው፤ ደረቱን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ ሸሚዙን ጨብጣ አልለቅም አለች።

«እንግዲያው አንተ ቅር።»

«ልቅርና ምን ልጋግር? ለማን?»

ሸሚዙን ይበልጥ ጨበጠች።

«ጠብቂኝ አልልሽም» አላት። «አትጠብቂኝ አልልሽም።»

«በቃ ዝም በል። ዝም ብለህ ትንሽ ቁም።»

ቆመ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከሸሚዙ አላቀቀና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ዶኛ ኤውላሊያ ቤቷ ደጃፍ ላይ ሆና ሲያልፍ አየችው። እጇን አነሳች። እሱ ግን ይያት አይያት ማንም አላወቀም።

ማክሰኞ ሆነ። ኔሬይዳ ዓይኗ አብጦ የክፍሏን በር ከፈተች። ነርሷ መርፌዋን አሰናዳች። ሰው አልነበረም። ቀኑ ሲጋመስ ሻርፕ እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት በጎማዎቹ መሃል ቀስ እያለች መጣች፤ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ሻርፑ ሸርተት ሲል ዶኛ ኦፌሊያ ሆና ተገኘች።

ኔሬይዳ ያልተናገረችው ስድብ ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ወጣ።

«ባሌ…» አለች ዶኛ ኦፌሊያ መሬት መሬት እያየች። «ከሩቅ ሥራ ከተመለሰ ወዲህ ጤና የለውም። ልብሱ እስኪነከር ያልበዋል፤ ከስቷል። ያ ልጅ እዚያ ቆሞ ሳያውቁ ይሞታሉ ሲል… እንቅልፍ አጣሁ፣ ልጄ። እኔም ልመርመር ብዬ ነው።»

ኔሬይዳ ከበሩ ዞር አለችላት።

«ይግቡ፣ ዶኛ ኦፌሊያ።»

ገባች፤ ተቀመጠች። ነርሷ ጣቷን ልትወጋ ስትቀርብ አሮጊቷ ደነገጠች።

«ልጁ የት አለ?» አለች በሹክሹክታ። «ይቅርታ ልለው ነበር።»

«ሄዷል።»

«ይመለሳል?»

«አላውቅም።»

ዶኛ ኦፌሊያ ማልቀስ ጀመረች። ሌላውን እጇን ዘርግታ፣ «እባክሽ ያዢኝ፤ ፈራሁ» አለች። ዳቦውን የገለበጠችበት እጅ ነበር። ኔሬይዳ እጁን አየችው፣ ከዚያ እሷም እያለቀሰች ያዘችላት።