የሰጠሙትን የሚጽፈው ጣት

ሽማግሌው ቶርጊልስ ኪቦርዱ ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ሻዩ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበረበት፤ ኮምፒውተሩም «ሃልቬግ፣ ይቅር በይኝ። የሰጠሙት ጠሩኝ» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ባሕር የበላቸውን ሰዎች ስምና ታሪክ ሲጽፍ ኖሯልና፣ ቤቱ ባዶ ሆኖም ሰው የሞላበት ይመስላል። መርማሪዋን አስጌርዱርን ብርድ ብርድ አላት።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች ልጁ ሃልቬግ። «ትናንት ‹ከሙታንህ ጋር ኑር!› አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!»

«ቆይ እስቲ፣ እህቴ። ይሄ ኪቦርድ የኛ የአይስላንድ ፊደላት የሉትም?»

«ከአሜሪካ የመጣ ነው። ‹አልት› የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ የየፊደሉን ቁጥር እየመታ ነበር የሚያወጣቸው፤ እኔንም በልጅነቴ አስተምሮኛል። ባሌ ላስተካክልልህ ቢለው ‹ጣቴ ለምዷል› ብሎ እምቢ አለ።»

እውነትም የቁጥሮቹ ቀለም ተፍቆ አልቋል። አስጌርዱር ግን እዝባር (/) የተጻፈበትን ቁልፍ ብትነካ የቶርጊልስ ስም የሚጀምርበት የአይስላንድ ፊደል ወጣ። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን በአገሩ ፊደል እንዲጽፍ ቀይሮታል። ለማንም ሳትናገር እንደ ቀድሞው መለሰችው።

ከዚያ ያን ምሽት ቤቱ የገቡትን ሦስቱን፣ ሃልቬግን፣ የጀልባ ባለቤት የሆነውን ባሏን ኬቲልንና የሟቹን ጎረቤት ኦርሙርን ሰበሰበች።

«የሟቹን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፉልኝ።»

«እኔ ዓሣ እንጂ ፊደል አላጠምድም!» አለ ኦርሙር። ፈልጎ ፈልጎ ተወው። ሃልቬግ በቁጥር አወጣችው። ኬቲል ወደ ታች ሳያይ ዳር ያለውን ቁልፍ ነካ። እዝባር ወጣ። ደግሞ ነካ፤ ያው እዝባር።

«ማነው የመለሰው?» አለ ኬቲል፣ አፉ ቀድሞት።



«እኔ ነኝ» አለች አስጌርዱር። «ቶርጊልስ ሲሞት ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ነበር። መልእክቱ ውስጥ የኛ ፊደላት አሉ፤ እሱ ግን እነሱን በቁጥር ይጽፋል፣ መቀየር አያስፈልገውም። ሃልቬግም ቁጥሩን ታውቃለች። ኦርሙር የፊደሉን ቦታ እንኳ አያውቅም። መልእክቱን የጻፈው ቁጥሩን የማያውቅ፣ ፊደሉን ግን ሳያይ የሚያገኝ ሰው ነው። መቀየሩንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ኬቲል እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «ጀልባዬ መሰንጠቋን እያወቅኩ የሰጠሙትን ልጆች ወደ ባሕር እንደላክኋቸው ሊጽፍ ነበር። እነሱ እንደሆኑ ሳይጻፉም ይመጡብኛል... በር ላይ ይቆማሉ፤ ውሃ ይንጠባጠባል።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ሃልቬግ ዞራ አላየችውም። በአባቷ ወንበር ተቀምጣ መርማሪዋ ቅጂውን የያዘችውን የሐሰት መልእክት አጠፋች።

«አልጠሩህም ለካ፣ አባዬ። እኔም አላባረርኩህም» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ «አልት»ን ተጫነችና ተፍቀው ባለቁት ቁጥሮች በጀልባዋ የሰጠሙትን ልጆች ስም አባቷ ካቆመበት መጻፍ ቀጠለች።