ምድጃቸው የጠፋባቸው የአውራዝ ዘቦች

በአውራዝ ታላቅ ግንብ ላይ የቅባቱ ሽታ ጠፋ፤ ይህም ክፉ ምልክት ነበር። ሽታው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያኮራ አልነበረም። የሰነበተ ቅቤ ከፍየል ላብ ጋር የተቀላቀለ ይመስላል፤ እንግዳ ሰው አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው። የግንቡ ዘቦች ግን የሚኖሩት በእርሱ ነው። ፈጣሪ በእያንዳንዱ ዘብ ደረት ውስጥ ትንሽ ምድጃ አኑሯል፤ ምድጃውም የሚነደው በዚያ ቅባት ነው።

ቅባቱን የሚያወጡት ከግንቡ ሥር በረግረጉ የሚኖሩት፣ ቁመታቸው ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ኩርሞች ናቸው። ከላይ የሚጣልላቸውን ገለባና እብቅ ይበላሉ፤ ቅባቱ ከቆዳቸው ይንጠባጠባል። ንጉሡ ግን «ገለባ የድሃ አገር ምልክት ነው» ብለው አስከለከሉ። ኩርሞቹ ተራቡ፣ ቅባቱ ነጠፈ፤ ለዘቦቹም በምትኩ ማር ይታደል ጀመር።

ማር የለመዱት የምሥራቅ በር ዘቦች ምድጃቸው ጠፋ። ማሩን ሳያነዱት በሆዳቸው እያብላሉ ላባቸው ኮመጠጠ፤ ከጎናቸውም የራሳቸውን አምሳያ ያበቅሉ ጀመር። ዘመኑን የፈጸመ ዘብ ቀበቶውን ለተተኪው አስታጥቆ በበሩ ሥር ወደሚያልፈው ወንዝ መውረድና እዚያው ማረፍ የአውራዝ ሥርዓት ነው። እነርሱ ግን አንወርድም አሉ። ተደራርበው በሩን ሞሉት፤ ወንዙን ሊያፍኑት ምንም አልቀራቸውም። መሪያቸው አዝመን ይባላል። ቀበቶውን ለመቀበል አራት ዓመት ቆማ የጠበቀችው ታናሽ እኅቱ ትህርን ነበረች።

ትህርን በግንቡ አዛዥ በደጃች ዶርሳም ፊት ተንበርክካ ማለች።

«ፈጣሪን ምስክር አድርጌ፣ የምሥራቁን በር ሳላስከፍት ማር ባፌ አይዞር። ወንድሜንም ወደ ልቡ እመልሰዋለሁ።»

«መልካም ብለሻል» አሉ ደጃች ዶርሳም። «አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ከቅባቱ ጠብታ እንኳ አማፂዎቹ ዘንድ እንዳይደርስ። እኛን ያበረታ እነርሱንም ያበረታል።»

በአውራዝ ይህን የማያምን አልነበረም። ጦሩ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን ትቶ የተረፈችውን የቅባት ጋን ሲጠብቅ የኖረውም ስለዚሁ ነው።

ትህርን ከንጉሡ አውድማ ሁለት ጆንያ ገለባ ሰርቃ፣ ከአማፂዎቹ ላብ የተነሣውን ቆዳ የሚልጥ ኮምጣጣ ጉም ሦስት ቀን ቁልቁል ሰንጥቃ ረግረጉ ደረሰች። የኩርሞቹ ታላቅ እማማ ፍልቂት ገለባውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እማማ፣ ቅባቱ አማፂዎቹንም ያበረታል ይባላል። እውነት ነው?»

«ማን ነው ያለው? ዶርሳም ይሆናል» አሉ እያኘኩ። «እሱ ምድጃና ጎተራ መች ለይቶ ያውቃል። ስሚኝ ልጄ። ቅባት የሚነደው ምድጃ ሲኖር ነው። የእነርሱ ጠፍቷል፤ ስለዚህ አይነድም፣ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም ሰርጎ፣ ዘብ ሲሆኑ ልባቸው ውስጥ ከተጠቀለለው የመሐላ ብራና ይደርሳል፤ ይፈታዋል። ያን ጊዜ ያነቡታል።»

«ሲያነቡትስ?»

«ዘመናቸው ማለፉን ያውቃሉ። ይወርዳሉ።»

«ወንድሜ አይድንም ማለት ነው?»

አሮጊቷ ማኘካቸውን አቆሙ። «ግንቡ ይድናል» አሉ።

ገለባው ተበልቶ ቅባቱ ሲሞላ ትህርን የአዛዧን ትእዛዝ ጥሳ ወደ በሩ ወጣች። እማማ ፍልቂት ትከሻዋ ላይ ተቀምጠው፣ ኩርሞቹ ከኋላዋ ቅል በቅል እየተቀባበሉ። አዝመን በአምሳያዎቹ ክምር ላይ፣ በማር ተለውሶ፣ ገርጥቶ ተቀምጧል። እኅቱን ሲያይ ሳቀ።

«ትህርንዬ፣ ከነግማትሽ መጣሽ?»

«ከነግማቴ።»

«አራት ዓመት ቆመሽ እግርሽ አልቀጠነም?»

«ያንተም ሆድ አልቀጠነም።»

ክምሩ ሁሉ ሳቀ። አዝመን ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በርዶኛል እኮ። ስንት ጋን ማር ብውጥ አይሞቀኝም። ከጎኔ የበቀሉትም ሁሉ ብርዳሞች ናቸው።»

ትህርን ከቅሉ አንድ ጉንጭ ጠጣች። በደረቷ ውስጥ ምድጃዋ ቦግ አለ፤ ሙቀቱ ፊቱን ነካው። እጁን ዘረጋ።

«እኔንም ያሞቀኛል?»

በሕይወቷ ዋሽታው አታውቅም። አሁንም አልዋሸችውም፤ እውነቱንም አልነገረችውም። በልቧ «ጌታዬ ይቅር በለኝ» ብላ ቅሉን ሰጠችው። ጠጥቶ ለባልንጀሮቹ አቀበለ። ቅሉ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ።

ፀሐይዋ ጥቂት ዘንበል ስትል የአዝመን ዓይን ጠራ። ከንፈሩ መሐላውን ቃል በቃል ያነብ ጀመር። አንብቦ ሲጨርስ እኅቱን ቀና ብሎ አያት።

«አራት ዓመት» አለ። «ያንቺን ቦታ ይዤ።»

ቀበቶውን ፈትቶ በወገቧ አሰረላት። ጣቶቹ በረዶ ነበሩ።

«አልሞቀኝምኮ፣ ትህርን።»

«አውቃለሁ።»

«ስትሰጪኝም ታውቂ ነበር?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ግንባሯን ሳማት፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። እስኪመሽ ድረስ ወረዱ። በሩ ተከፈተ፤ ወንዙም ፈሰሰ።

በማግስቱ ደጃች ዶርሳም ሰባት መለከት አስነፍተው፣ በሕዝቡ ፊት እጇን ይዘው ከፍ አደረጉት። «የአውራዝ ጀግና ሆይ፣ ድል ስለነሣሻቸው ጠላቶች ለሕዝቡ ተናገሪ» አሉ።

«በርዷቸው ነበር» አለች ትህርን። እጇን ከእጃቸው አስለቅቃ ወደ ዘብ ቦታዋ ሄደች።