ከ«ስለዚህ» በፊት

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ! ራሴን አዞርሽው'ኮ!» አለቻት እናቷ። ልጅቷ ግን የፍርዱን ግልባጭ ይዛ በጠበቃው ጠባብ ቢሮ ውስጥ መንጎራደዷን አላቆመችም።

ጋራዥ የሚሠራው ወንድሟ፣ ቅጽል ስሙ ብሎን፣ በጠብ መሀል የመለዋወጫ ሻጩን ክንድ ሰብሮ ጥፋቱን አምኗል። አራት ዓመት ተፈረደበት። የይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ ዛሬ ያበቃል።

«ዐቃቤ ሕጉም ይግባኝ ካለ ቅጣቱ ሊጨመር ይችላል፤ አልዋሻችሁም» አለ ጠበቃው።

«ውይ፣ ይቅርብን!» አለች እናቷ። ልጅቷም ፈርታለች። እሷ ወትውታ ቢብስበትስ? በምን ዓይኗ ታየዋለች?

ወረቀቱን እንደገና አነበበችው። «ጥፋተኛ ነው። ስለዚህ አራት ዓመት እስራት።»

«ጋሼ፣ ከ‹ስለዚህ› በፊት ያለው ገጽ የት ሄደ?»

«የለም። ይኸው ነው።»

«እንዴ! ሰውዬውን አዝሎ ሐኪም ቤት ማድረሱስ? አንዷም የለችም! እኔ ሒሳብ ላይ መልሱን ብቻ ብጽፍ ቲቸር ዜሮ ነው የሚያከናንበኝ!»

ጠበቃው መነጽሩን አወለቀ። «ዳኛ ቅጣት ሲወስን ምክንያቱን የመግለጽ ግዴታ አለበት። እኔ አራቱ ላይ አፍጥጬ... ፋራ ሆኛለሁ በይኛ!»

«ኧረ አልወጣኝም!» አለች፤ በልቧ ግን ብላዋለች።

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ይቅጡት። ግን ለምን እንደሆነ ይንገሩን።»

እናትየው በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲህ የመጣው ይምጣ!»

የበላይ ፍርድ ቤቱ «ምክንያቱ ያልተገለጸ ቅጣት አይጸናም» ብሎ መዝገቡን አራት ዓመት ወደፈረዱት ዳኛ መለሰው። በአዲሱ ቀጠሮ ዳኛዋ ቀስ ብለው አነበቡ።

«የሰው ክንድ ሰብሯል፤ ተጎጂው ለወራት ሥራ ፈትቷል። ይህ ቅጣቱን ያከብደዋል። ሆኖም የጎዳውን ሰው ራሱ አዝሎ ሐኪም ቤት አድርሷል። ጥፋቱን አምኗል፤ ከዚህ በፊትም ተከሶ አያውቅም። በእነዚህ ምክንያቶች አሥር ወር።»

«እልልልል!» አለች እናት። ችሎት አስከባሪው «ጸጥታ!» ቢል ማን ሰምቶት! ልጅቷ በደስታ እግሯ መሬት አልነካ አላት።

ብሎን ቀሪዋን የእስር ጊዜ ሊጨርስ ሲወሰድ ፊቱ በእንባ ርሶ ይስቅ ነበር። «ሰማሽ? ‹አዝሎ› አሉ'ኮ! ጻፉት!» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «የክንዱንም ጻፉት። ልክ ናቸው።»

መለዋወጫ ሻጩ ከኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ልጅቷ እስከ ዛሬ ባየችው ቁጥር ፊቷን ታዞርበት ነበር።

«ነይ እንጂ፣ እንሂድ!» አለች እናቷ ከበሩ ላይ።

«መጣሁ፣ እማ» አለችና ወደ ሰውዬው ሄደች።

«ክንድዎ እንዴት ሆነልዎት?»