ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ማሽን

ወጣቱ ፕሮግራም ጸሐፊ ሞረዳ ሞቶ የተገኘው ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ጭንቅላቱ የተመታበት ማኑቬላ አጠገቡ ወድቋል። ማኑቬላው የጄኔሬተሩ ማስነሻ ብረት ነው፤ የሚይዘውም ዘበኛው ታፋ ብቻ ነው። ስለዚህ በነቀምቴው የእርሻ ስሌት ማእከል ማንም ብዙ ሳያስብ ታፋ ታሰረ። በዚያ ዘመን ማሰብ ጊዜ ይወስዳል፤ ማሰር ግን ወዲያው ያልቃል።

መርማሪዋ መቶ አለቃ በዛብሽ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ እግሯ አብጦ ነበር። ኑኑ ቁምባ ወረዳ የተገኘ ሬሳ መርምራ ጨርሳ በጭነት መኪና መጥታ ነው። የፓርቲው ሰው በር ላይ ጠበቃት።

«የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ታፋ ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል።»

«ከተጫነ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ የኛ ጉዳይ አይደለም።»

እንዲህ ተጭኖ የተመለሰ ሰው አታውቅም። ይህን አልነገረችውም፤ እሱም ያውቃል።

ታፋ እጁ ታስሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጧል።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦ ታፋ?»

«ምን እሆናለሁ፣ አዴ! እጄ ደንዝዞብኛል።»

«ትናንት ምን አደረጉ?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ሞተሩን አስነሳሁ። ማኑቬላውን እዚያው ትቼ ወደ ዋናው በር ሄድሁ። ሞተር አጠገብ ማን ይቀመጣል? ጆሮ ያደነቁራል። ሲመሻሽ ኃላፊያችን ጓድ እሸቱ በመስኮት ‹አጥፋ!› አሉኝ። ላጠፋ ስገባ ልጁ ወድቋል።»

«ሁልጊዜ እሳቸው ሲሉ ነው የሚጠፋው?»

«ማሽኑ እንደጨረሰ፣ ወዲያው! ናፍጣ የለማ። አንዴ ጥቂት ብዘገይ ‹የአባትህ የናፍጣ ጉድጓድ መሰለህ?› ብለውኛል።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ኤዬ፣ በሞተሩ ጭስ ተጨቃጭቀናል። በጭስ ሰው የሚገዳደል ቢሆን፣ አዴ፣ ባልና ሚስት የሚባል ነገር አይተርፍም ነበር።»

በዛብሽ ከዚያ ወደ ማእከሉ ጸሐፊ ወደ አሰፋች ሄደች። አሰፋች የምትጽፍበት ክፍል ከኮምፒውተሩ ክፍል ጋር በስስ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ይለያል። ኮምፒውተሩ በእርዳታ የመጣ አሮጌ ነው። ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ራሱ ቋንቋ ሲለውጥ፣ እነሱ «ማጠናቀር» የሚሉት ነው፣ ከምሳ እስከ ምሽት ይፈጃል። ፕሮግራሙ ብዙ ክፍል አለው፤ አንዱ ክፍል ባለቀ ቁጥር ደወል ይጮኻል።

«ትናንት ግን ደወሉ ቀበጠ» አለች አሰፋች። «ጥንድ ጥንድ እየሆነ ተንጫጫ፤ ፀሐይዋ ገና መስኮቴ ላይ እያለች ደግሞ ጭጭ አለ። ተበላሸ ብዬ ተውኩት።»

«ሞረዳስ?»

አሰፋች ዓይኗን ጠረገች። «ጠዋት ደስ ብሎት ነበር። ‹ይሄ ማሽን እኮ ሁለት ፕሮሰሰር፣ ሁለት የሚያሰላ አንጎል አለው። ጥንድ በሬ ይዘን ባንዱ ብቻ ስናርስ ኖረናል፤ ሌላው ቆሞ ያመነዥካል። ዛሬ ሁለቱንም ጠመድኋቸው› አለኝ። አዲስ ማሽን መገዛቱን የሚወስነው ኮሚቴ ሲመጣ ላሳይ፣ እስከዚያ ዝም በይ አለ።»

«አለቃው አያውቁም?»

«ሊሞክር እንደሚፈልግ ያውቃሉ። ‹ሞኝነት ነው፣ ተው› ብለውታል። መጨረሱን ግን አልሰሙም። ከምሳ በኋላ ‹ኤሌክትሪኩ ይዋዥቃል፣ ሞተሩን እየው› ብለው ላኩት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

የማእከሉ ኃላፊ እሸቱ ቢሮው ውስጥ በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል።

«ከምሳ እስከ ምሽት ማሽኑ ፊት ነበርሁ» አለ።

«ምን ሲሠሩ?»

«ስጠብቅ። ይህ ማሽን ከመጠበቅ ሌላ ሥራ አይሰጥም። ደወሉ አንዴ ይጮኻል፣ እጠብቃለሁ፤ አሁንም አንዴ ይጮኻል፣ እጠብቃለሁ። የመጨረሻው ሲጮኽ መሽቷል።»

«ሁሉንም ሰሙ?»

«እያንዳንዱን!»

ግድግዳው ላይ የቡልጋሪያዋ የሶፊያ ከተማ ፎቶ ተለጥፏል። «ሄደው ያውቃሉ?»

«ኮሚቴው ከፈቀደ በሚቀጥለው ወር። አዲሱን ማሽን ልማርና ላመጣ።»

«ይመለሳሉ?»

እሸቱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሁለቱም ደክሟቸው ነበር።

ከምሳ በኋላ በዛብሽ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ ሞተሩን አስነሳ።

«ጓድ እሸቱ፣ የትናንቱን ትእዛዝ ይድገሙት።»

እሸቱ እንደ ልማዱ ጻፈ። ሁሉም ደወሉን ጠበቁ። ቲን፣ ቲን! ሁለት ደወል ተከታትሎ ጮኸ። እሸቱ ማሽኑን እንደ እንግዳ ሰው አየው። ጥንድ ጥንዱ ቀጠለ። የፓርቲው ሰው አንቀላፋ። ነቅቶ ሲያይ ማሽኑ ጨርሷል፤ ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ናት።

«ትእዛዙ ያው ነው፤ የተለወጠው ከጀርባው ያለው ነው» አለች በዛብሽ። «አንዱ አንዱን የማይጠብቁትን ክፍሎች ሞረዳ ለሁለቱ ፕሮሰሰሮች አካፈላቸው። ትናንትም ማሽኑ እንዲሁ በጊዜ ጨርሷል፤ አሰፋች ሰምታለች። እርስዎ ግን እስከ ምሽት አንድ አንድ ደወል ሰማሁ አሉ። የሰሙት የትናንቱን አይደለም፤ የቆየውን ልማድ ነው የነገሩኝ።»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።»

«እንቅልፍ የወሰደው ሰው ‹እያንዳንዱን› አይልም። ሌላም አለ። ማሽኑ ከጨረሰ በኋላ ሞተሩ እስከ ምሽት ናፍጣ ሲጠጣ ዋለ። ለጠብታ ሰው የሚሰድቡት እርስዎ እዚህ ቢኖሩ ዝም ይሉ ነበር? ትእዛዙን ሰጥተው በጓሮ በር ወጡ፤ የላኩትን ልጅ በማኑቬላው መቱት። ደሙን ለማጠብ ቤትዎ ሄዱ። ሠራተኛዎን አስጠይቄያለሁ፤ ‹ጋሼ ከመቼ ወዲህ ነው ኮት የሚያጥቡት?› ብላ ትናንት ገርሟት ነበር። ማሽኑ ይጨርሳል ባሉበት ሰዓት ተመልሰው ‹አጥፋ!› አሉ።»

«ለምን ብዬ?»

«ማሽኑ ከፈጠነ አዲስ አይገዛም፤ አዲስ ካልተገዛ ሶፊያ የለም።»

እሸቱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ሳይጨርሰው የደረስሁ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «መቼ ጨረሰው?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት!» አለ። ሲወስዱት አልተወራጨም።

የታፋ እጅ ተፈታ። የፓርቲው ሰው ታፋን የመጫኑ ትእዛዝ እስኪሻር ከላይ መልስ መጠበቅ ያስፈልጋል እያለ ወጣ። ታፋ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ይሂዱ እንጂ፣ ኦቦ ታፋ።»

«የት፣ አዴ? መፈታቴን እዚህ ያለን ሰዎች ብቻ ነን የምናውቀው። ጎህ ሲቀድ የሚመጣው ሾፌር አልሰማም። ታፋ የሚባል ጫን ተብሏል፤ ቤቴ ድረስ መጥቶም ይጭናል።»

በዛብሽ ያበጠ እግሯን አየች። ቀጥሎ በሩን አየች።

«ቤትዎ ሩቅ ነው?»

«ዳገቱን ወጥቶ ነው።»

«እንግዲያስ መኝታ ያዘጋጁልኝ» አለች ኮቷን እያነሳች። «ሾፌሩ ሲመጣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ።»