ቦታውን የለቀቀው ቁጥር

አብዱልመናን ፒያሳ ባለው የአባቱ የሰሊጥ ንግድ ቤት፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ወለል ላይ አመሻሽ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት ተመቷል። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያላቸውም እሱና ሚስቱ ፈትሂያ ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ኢንስፔክተር እታገኘሁ ገና ደብተሯን ሳታወጣ፣ የሟቹ አባት ሐጂ አብዱልጀሊል ምራታቸው ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ገዳዩ ይቺ ናት። እስር ቤት ትውለድ!»

ፈትሂያ የስምንት ወር ሆዷን ይዛ ግድግዳ ተደግፋለች።

«ማሰሩን ለእኔ ይተዉልኝ፣ ሐጂ» አለች እታገኘሁ። ከጥያቄዋ የሚቀድም መልስ አትወድም።

ሐኪሙ ሞቱን በዘጠኝና በአስር ሰዓት መካከል አድርጎታል። የሟቹ የአጎት ልጅ ሙስዓብ ግን የሚያስጨንቀው ያለ አይመስልም። ከከተማው ርቆ ያለውን የሳንጃን ቅርንጫፍ ብቻውን የሚያሠራው እሱ ነው።

«በዚያ ሰዓት ሳንጃ ሆኜ በኮምፒውተር ጭነት ስመዘግብ ነበር። መዝገቡን ይዩት።»

አየችው። ስሙም ቅርንጫፉም ሰዓቱም ቁልጭ ብሎ አለ።

ፈትሂያን ለብቻዋ ወሰደቻት። «ባልሽና ሙስዓብ እንዴት ነበሩ?»

«ይናናቁ ነበር። ቅርንጫፎቹ እዚህ ያለውን መዝገብ በስም ይጠሩታል፤ ስሙን እንደ ስልክ ቁጥር ወዳለ ቁጥር የሚመልስላቸው የኮምፒውተር ክፍሉ ማሽን ነው። የማሽኑ የራሱ ቁጥር ከተለወጠ ጠያቂው ሁሉ ይጠፋበታል። ባሌ መብራት ቢሄድም የማይለወጥ ቋሚ ቁጥር ሰጠው። ሙስዓብ ግን ምን ለውጥ አለው እያለ ይሳለቅበታል።»

«ትናንትስ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከአምባ ጊዮርጊስ ቅርንጫፍ መዝገቡ ጠፋብን ብለው ደወሉ። ባሌ ‹ሙስዓብ ቋሚነቱን አንስቶበታል፣ ለአባቴ እነግራለሁ› ብሎ ከቤት ወጣ። አልተመለሰም።»

እታገኘሁ ማሽኑን አስከፍታ ቁጥሩን አየች፤ ተለውጧል። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ደወለች። ጸሐፊዋ እንኳየሁ አኩርፋለች።

«ከትናንት ስምንት ሰዓት ጀምሮ አልከፍት ብሎናል። ምነው፣ ረሳችሁን?»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የማሽኑ ቁጥር ስምንት ሰዓት ላይ ተለወጠ» አለች። «ቅርንጫፎቹ የሚያውቁት የድሮውን ብቻ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ሥራ ፈትቶ ዋለ። ሙስዓብ፣ አንተ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከሳንጃ መዝገቡ ውስጥ እንዴት ገባህ?»

«በአዲሱ ቁጥር።»

«ማን ነገረህ?»

«አብዱልመናን ደወለልኝ።»

«የሱንም የቢሮውንም ስልክ አይቻለሁ። ወደ አንተ የደወለ የለም። ከሳንጃ መግባት አይቻልም ነበር። ማሽኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን መዝገቡ እዚያው ነው፤ ቁጥር አያስፈልገውም። በሩን የከፈተልህ እሱ ነው። ገድለኸው፣ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጠህ ሳንጃ ነበርኩ ብለህ መዘገብክ። ቁጥሩ ለምን መጽናት እንዳለበት ስንት ጊዜ ነግሮሃል። ሰምተኸው ቢሆን ይህን አትጽፍም ነበር።»

ሙስዓብ ሐጂን በጥላቻ አያቸው። «ለሱ ፒያሳን፣ ለእኔ የሳንጃን አቧራ ሰጡን። በዚያ ላይ ትናንት እዚህ ብመጣ፣ ቁጥሩን ነካህ ብሎ ለእርስዎ ሊያሳጣኝ ነበር።»

በካቴና ሲወስዱት ሐጂ ወደ ፈትሂያ ዞሩ።

«ልጄ፣ ወደ ቤትሽ ነይ። የልጄን ልጅ ላሳድገው።»

«እስር ቤት ይወለድ ብለው ፈርደውበታል» አለች። «የምወልደው እናቴ ቤት ነው። ሊያዩት እንዳይመጡ።»

ሐጂ አብዱልጀሊል ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።