ግልገሏ የነከሰችው ደብዳቤ

«ተዋት፤ ወለላ ምን ታውቃለች!» ሲሉኝ ነው ያደግሁት። ፊደል ስላልቆጠርሁ ዓይኔም የማያይ ይመስላቸው ነበር። እስቲ ልንገራችሁና ፍረዱ።

ጣልያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ዕድሜዬ ዐሥራ አራት፣ ቤታችን ዳባት አጠገብ። ታላቅ ወንድሜ አላምረው ጎንደር ተምሮ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነበር። በሰኔ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከማኪና ወረደና «ሥራው እስኪደራጅ ዕረፍት ሰጥተውኛል» አለን። እናቴ እልል አለች። አባቴ መደቡን ለቀቀለትና ራሱ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፎ ተኛ።

ጥቅምት ገባ፤ ዕረፍቱ አላለቀም። አላምረው ፀሐይ ሞቅ ሲል ይነሣል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ አንዳንድ ገበያ ቀን ዳባት ወርዶ ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል። ከቤታችን ፊደል የቆጠረ እሱ ብቻ ነውና ቆሞ ያነብልናል፦ «ለአቶ አላምረው ማሩ። ቦታዎ ተጠብቆልዎታልና በትዕግሥት ይቆዩ።» አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተሙን ይስምና ይመልስለታል። የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣ ቀን ከመደቡ ላይ ቢተዉት ግልገላችን ጥጉን ነከሰችው። ከአፏ የነጠቅኋት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርሁም።

ገብሱ ደረሰ። በእኛ አገር ገብስ የሚታጨደው በወንፈል ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ወንድ ላልላከ ቤት ማጭድ ይዞ የሚመጣ የለም። አባቴ ደግሞ ጉልበቱ አብጦ በምርኩዝ ነበር የሚሄድ። ጎረቤታችን አያ ነጋ ደጃችን ላይ ቆመና ተጣራ።

«ማሩ! ምነው ልጅህን የማትልክ? ጸሐፊ ገብስ አይበላም?»

«የመንግሥት ደብዳቤ እየጠበቀ ነው። እጁ ከሻከረ ብዕር አይዝለትም» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ለበረዶውም ጻፉለት፣ በትዕግሥት እንዲቆያችሁ!»

«እኔ እሄዳለሁ» አልሁ።

አያ ነጋ ከት ብሎ ሳቀ። «ያንቺ ቀን እንደ ወንድ ቀን አይቆጠርም። አርፈሽ ተቀመጪ።»

አባቴም ሳቀ። የከነከነኝ የእሱ ሳቅ ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አላምረው ሦስተኛውን ደብዳቤ አመጣ። ጥጉን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ አነበበው። ለአባቴ ሲያቀብለው ግን ጣቱ ተነሣ። ከጎንደር ዛሬ መጣ በተባለው ወረቀት ላይ የግልገላችን የጥርስ ምልክት ነበረ!

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ማጭዱን ይስል ጀመር። «ነገ ብቻዬን እገባለሁ፤ በረዶ ከሚበላው» አለ። እንዴት ብሎ እንደሚያጭድ ሊሞክር ለመንበርከክ ሲል ጉልበቱ ከዳውና በእጁ መሬት ያዘ። ቀና ብሎ ማን እንዳየው ብቻ ዞር ዞር አለ።

ወደ ጓሮ ሄድሁ። አላምረው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«አያ አላምረው፣ ግልገሏ ጎንደር ድረስ ሄዳ ነው ደብዳቤህን የነከሰችው?»

ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። ወረቀቱ እውነቱን ምን ይላል?»

«ተሰናብተሃል ይላል። በሰኔ የተጻፈ ነው። እማዬ እልል ስትል አልሰማሽም? በምን አፌ ልንገራት? ዛሬ ነገ ሌላ ሥራ አገኛለሁ ስል…»

ጮክ ብዬ ብጣራ አባቴ ይሰማኝ ነበር፤ ጓሮና ደጅ ምን ያህል ነው? እኔ ደግሞ ምላሴን የማውቅበት ሰው ነኝ። «አባዬ፣ ና የጸሐፊህን ጉድ ስማ!» የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ያንን መሬት የያዘ እጁን አሰብሁና ዋጥሁት።

«እኔ አልናገርብህም» አልሁት። «የምትነግረው አንተ ነህ፤ አሁኑኑ። ከዚያ ማጭዱን ከእጁ ተቀበልና ነገ ወንፈሉ ወዳለበት አያ ነጋ ማሳ ግባ።»

«ማጨድ ረስቻለሁ እኮ፣ ወለላ። አገሩ ሁሉ ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ! እስኪበቃው ስቆ ለእኛም ገብስ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። በል ተነሥ፤ አባዬ እንደገና ሊንበረከክ ነው።»