የእማ አሳይመንት

«በቃ፣ አንቺው ሥሪልኝ!» አለች እናትየው ፈጠነች፣ የሒሳቡን ሞጁል ወደ ልጇ ወደ ሰገነት እየገፋች። «ጦናን ለማን ትቼ ነው ሶዶ የምሄደው?»

ሕፃኑን ጦናን ቅዳሜ ቅዳሜ የምትይዝላቸው ጎረቤት ለለቅሶ አረካ ሄዳለች። ሰገነት አሳይመንቱን አየችው። ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ዓይነት ሒሳብ ነው፤ አሁኑኑ ብትሠራው ለመዘምራን ልምምድ ትደርሳለች። ዛሬ ደግሞ ብቻዋን የምትዘምረውን ክፍል ልትለማመድ ነበር።

እናቷ ዲምቱ ላይ አንደኛ ደረጃ እያስተማረች ለዲግሪ በርቀት ትማራለች። አምና ሞጁሉ ይላክላታል እንጂ የሚያስረዳት ስላልነበረ ሒሳብ ወደቀች። ዘንድሮ ግን ሞጁሉን የሚልከው ዩኒቨርሲቲ ከሶዶው ጋር ተስማማ፤ የሶዶ መምህራን ለርቀት ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቱቶሪያል ይሰጧቸዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ተከፍቶላቸዋል።

ሰገነት እስክሪብቶ አነሳች። ወረቀቱ ላይ እናቷ ጽፋ የሰረዘችው፣ እንደገና ጽፋ የሰረዘችው ሞልቷል። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ፈተናውንስ ማን ይሠራልሻል?»

ፈጠነች ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

«ተነሺ እማ። ሦስታችንም እንሂድ፤ ጦናን እዚያ እይዝልሻለሁ።»

«ዝማሬሽስ?»

«አብራኝ የምትዘምረው አሳየሽ ትዘምረዋለች» አለች ሰገነት። ስትናገረው ግን ዓይኗን ከእናቷ መለሰች።

ሶዶ ደርሰው እናቷ ክፍል ገባች፤ ሰገነትም ጦናን አቅፋ ከውጭ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«ግልጽ ነው?» ሲል መምህሩ ተሰማ።

«ግልጽ ነው!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ይቅርታ መምህር፣ እኔ አልገባኝም።» የእናቷ ድምፅ ነው። ሰገነት ደነገጠች። አሁን ይስቁባታል ብላ አንገቷን ደፋች።

«እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም» አሉ አንድ ሸበቶ ሰውዬ። ያኔ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ መምህሩም አብሮ ስቆ ሰሌዳውን አጠፋና እንደ አዲስ ጀመረ።

ፈጠነች ጣቷ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ወጣች። «ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ሠራሁት እኮ!»

«አይተሻል? ቀሪው ጥያቄስ?»

«እሱን ቤት እሞክረዋለሁ። አሁን ሚኒባስ ካገኘን ልምምድሽ ሳያልቅ ትደርሻለሽ።» እንዲህ ትበል እንጂ ዓይኗ ጓደኞቿ ወደሚገቡበት ቤተ መጻሕፍት ይሄድ ነበር።

ሰገነት መንገዱን አየች፤ እናቷን አየች። ከዚያ ጦናን አዘለችው።

«ግቢና ጨርሺው። እኛ እዚያ ሜዳው ላይ ኳስ እያየን እንጠብቅሻለን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሂጂ እንጂ እማ!»

ፈጠነች ሞጁሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ደረጃውን እንደ ልጅ እየዘለለች ወጣች። ሰገነት ሜዳው ዳር ሣር ላይ ተቀመጠችና ወንድሟን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«የትኛው ነው የኛ ቡድን?» አለችው።

ጦና ጣቱን ወደ በረኛው ቀሰረ።